የሚገፋው የጥላው ጎን ነው

መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ተክል ለጥቂት ሳምንታት ሳይነካ ከቆየ ወደ ብርሃኑ ያዘነብላል። ተክል የሚያሳድግ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ «ማሰሮውን አዙሪው» የሚለውን ምክርም ሰምቷል። ምክሩ የት ላይ እንደሚሠራና የት ላይ እንደማይሠራ የሚያስረዳን ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የፈጀ ፍለጋ ነው።

ፍለጋው የሚነሣው እንግሊዝ አገር፣ ኬንት ውስጥ ካለው የቻርልስ ዳርዊን ቤት ነው። ሽማግሌው ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ሆኖ ዘሩ ለካናሪ ወፍ ቀለብ የሚሆነውን ሣር አበቀለና ቡቃያዎቹን በአንድ ወገን ብቻ ብርሃን እንዲያገኙ አደረገ። ቡቃያው ታጠፈ፤ የታጠፈው ግን ከጫፉ ዝቅ ብሎ ነበር። አባትና ልጅ የአንዳንዶቹን ጫፍ ብርሃን በማያሳልፍ ትንሽ ቆብ ሸፈኑ፤ ሌሎቹን ጫፋቸው ብቻ እስኪቀር በደቃቅ ጥቁር አሸዋ ቀበሯቸው። ቆብ የተደረገላቸው ቀጥ ብለው አደጉ። የተቀበሩት ግን አሸዋውን እየገፉ ወደ ብርሃኑ ታጠፉ። ብርሃኑን የሚለየው ጫፉ ነው፤ የሚታጠፈው ደግሞ የታችኛው አካል። እንግዲያው ከጫፍ ወደ ታች የሚወርድ መልእክት አለ ማለት ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1880 በመጽሐፍ አሳተሙት።

መልእክቱ ምንድን ነው? ዴንማርካዊው ፒተር ቦይሰን የንሰን መልእክቱን እንዲያግድ በአጃ ቡቃያ ላይ ሚካ የተባለ ማዕድን ስስ ስንጣሪ ሰካ። ስንጣሪው ብርሃን በሚያርፍበት ጎን ሲገባ ቡቃያው እንደወትሮው ታጠፈ፤ በጥላው ጎን ሲገባ ግን መታጠፉ ቀረ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። መልእክቱ የሚወርደው በጨለማው ወገን ነበር! ብርሃኑ ተክሉን አይጎትተውም፤ የጥላው ጎን ፈጥኖ እየረዘመ ይገፋዋል እንጂ።

ቀጥሎ የሆላንዳዊው የፍሪትስ ቬንት ተራ ነው። ቬንት ቀን ቀን የውትድርና ግዳጁን እየተወጣ፣ ሌሊት ሌሊት አባቱ ፕሮፌሰር በነበሩበት በዩትሬክት ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 የአጃ ቡቃያ ጫፎችን ቆርጦ፣ ከባሕር አረም በሚዘጋጀው አጋር በተባለ ዝልግልግ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ጫፎቹን ጥሎ፣ ቁራሽ አጋሩን ብቻ ራሱ በተቆረጠ ቡቃያ አንድ ጎን ላይ አሳረፈው። ቡቃያው በጨለማ ውስጥ ታጠፈ። ከጫፉ ወደ አጋሩ የገባው ንጥረ ነገር በኋላ ኦክሲን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካዊው ዊንስሎው ብሪግስ በበቆሎ ቡቃያ ላይ እንዳሳየው፣ ብርሃን ኦክሲኑን አያጠፋውም፤ ወደ ጥላው ጎን ያዛውረዋል።

ወደ ማሰሯችን እንመለስ። ማዘንበል ዕድገት ከሆነ፣ የሚቃናውም ገና በማደግ ላይ ያለው ክፍል ብቻ ነው። የጠነከረ ግንድ ቢያዞሩትም አይመለስም። ክፉኛ የጎበጠውን ተክል በአንድ ጊዜ ግማሽ ዙር ማዞርም አዲሱን ቀንበጥ ወደ ሌላ ወገን አጥፎ ግንዱን ጠመዝማዛ ያደርገዋል። ስለዚህ ከመጉበጡ በፊት በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ዙር ማዞር ይበቃል። የአበባ ዘንግ ያወጣ ኦርኪድ ግን አበባው እስኪፈነዳ ባይነካ ይሻላል፤ ዘንጉ ይጣመማልና።

በእኔ አመለካከት ማዞር የሚጠቅመው ለቅርጽ ነው፤ ለተክሉ አንዳች ብርሃን አይጨምርለትም። ግንዱ ከስቶ ከረዘመ፣ ቅጠሎቹ ከተራራቁና ከገረጡ፣ የጎደለው ብርሃን ነው። ያን ጊዜ ማሰሮውን ማዞሩን ትታችሁ ወደ መስኮቱ አስጠጉት።