ሁለት የመግቢያ ደብዳቤ፣ አንድ ውሳኔ



ከተማሪዎቻችን አንዷ ሁለት የመግቢያ ደብዳቤ ይዛ ወደ መምህራን ክፍል መጣች። አንደኛው በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ከሚገኘው ቤርያ ኮሌጅ፣ ሁለተኛው በሚኒሶታ ግዛት ሴንት ፖል ከተማ ከሚገኘው ማካሌስተር ኮሌጅ የተላከ ነው። እስከ ሜይ 1 መልስ መስጠት አለባት። «ቲቸር፣ የቱን ልምረጥ?» አለችን።

እኛም ሳናስብ «ማካሌስተር!» አልናት። ምክንያታችን ኮፊ አናን በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ከዚያ መሆኑ ነበር። በኋላ ግን ቁጭ ብለን ስናየው ምክራችን የችኮላ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ነገ ተመሳሳይ ደብዳቤ ለሚደርሳችሁ ይጠቅማል ብለን ያደረግነውን እንጽፍላችኋለን።

ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ምንድን ነው?

ሁለቱም ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሚባሉ ናቸው። ትንንሽ ናቸው፤ ቤርያ 1,500፣ ማካሌስተር 2,000 ያህል ተማሪ አላቸው። ዋና ሥራቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ነው። እኛ ዩኒቨርሲቲ በገባንበት ጊዜ ዲፓርትመንት የሚሰጠን በምደባ ነበር፤ ያልመረጥነው ደርሶን ያለቀስን አለን። እነዚህ ኮሌጆች ውስጥ ግን ተማሪው መጀመሪያ ከሳይንሱም፣ ከታሪኩም፣ ከሥነ ጽሑፉም ይወስድና ዋና ትምህርቱን በኋላ ይመርጣል። ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ መምህሩ በስም ያውቅሃል። ከኋላ ወንበር ተደብቆ ሴሚስተር መጨረስ የለም።

«ስለዚህ ሁለቱም አንድ ናቸው» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ከተማሪያችን ጋር አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍለን አራት ጥያቄ ጻፍንበት።

1. አራተኛውን ዓመት ማን ይከፍላል?

አብዛኛው ተማሪ የሚያየው የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ነው። ቤርያ ከ1892 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎቹን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። በምትኩ ሁሉም ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት በኮሌጁ ውስጥ ይሠራል፤ ቢሮ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ እርሻ፣ የእንጨት ሥራ። ደመወዙ ብዙ ባይሆንም ለሳሙናና ለስልክ ካርድ ይሆናል። የማካሌስተር የዓመት ወጪ ከነመኝታና ምግቡ ከ80,000 ዶላር በላይ ነው። ሆኖም ኮሌጁ የተቀበለውን ተማሪ የገንዘብ ችግር አስልቶ ጉድለቱን ይሸፍናል። እዚህ ላይ ልብ በሉ! «እርዳታ» የሚለው ቃል ስጦታንም፣ የሥራ ደመወዝንም፣ ብድርንም ሊይዝ ይችላል። ደብዳቤው ላይ የትኛው ስጦታ፣ የትኛው ብድር እንደሆነ ለይታችሁ አስምሩበት። ከዚያ በአራት አባዙት። የአውሮፕላን ቲኬት፣ የጤና ኢንሹራንስና የመጽሐፍ ወጪ በማን እንደሆነም በጽሑፍ ጠይቁ።

2. የምፈልገው ትምህርት አለ?

ስለ አናን ስናወራ የረሳነው ይህን ነበር። ልጅቷ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ «ነርስ እሆናለሁ» ስትል የኖረች ናት። እናቷ ወንድሟን ስትወልድ ሌሊቱን ክሊኒክ በር ላይ ያደረችው እሷ ናት። ቤርያ የነርሲንግ ዲግሪ ይሰጣል፤ ማካሌስተር አይሰጥም። ማካሌስተር በኢኮኖሚክስ፣ በሒሳብ፣ በዓለም አቀፍ ጥናት የታወቀ ነው። ግን ነርስ ለመሆን የምትፈልግ ልጅ ይህ ምን ያደርግላታል? ለቤርያም ቢሆን አንድ ጥያቄ እንድትልክ አደረግናት፦ ኮሌጁ ከገባሁ በኋላ ነርሲንግ ለመግባት ሌላ ማመልከቻ አለ ወይ?

3. በዕረፍት ጊዜ የት አድራለሁ?

ዶርም ዓመቱን ሙሉ ክፍት ላይሆን ይችላል። ሌሎች ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ሲሄዱ የእኛ ልጅ ወዴት ትሄዳለች? ወደ ካምፕ? በዚህ ጥያቄ ሚኒሶታ ይበልጣል። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ ከምሥራቅ አፍሪካ የሄደ ሕዝብ ብዙ ነው፤ ኢትዮጵያዊውም፣ ሶማሌውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ እንጀራውም አለ። የልጅቷም አክስት እዚያው ናቸው። እናቷ «አክስቷ ካለችበት ካልሆነ አልክም» ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ቤርያ ትንሽ ከተማ ናት፤ ትልቋ ከተማ ሌክሲንግተን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስለዚህ ለቤርያ ጻፍን፦ ዶርም ሲዘጋ የውጭ አገር ተማሪዎች የት ይቆያሉ?

ስለ አየሩም እንንገራችሁ። ሚኒሶታ በጥር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚደርስ ሌሊት አለ። ኬንታኪም ይበርዳል፤ ግን የዚያን ያህል አይደለም። ይህ የኮት ዋጋ ጥያቄ እንጂ የኮሌጅ ምርጫ ጥያቄ መሆን የለበትም።

4. እዚያ ማን ሆኜ እኖራለሁ?

ቤርያ በ1855 እ.ኤ.አ. ባርነትን በሚቃወሙ ሰዎች የተመሠረተ ነው፤ ስሙም በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ካለችው ከተማ የተወሰደ ነው። ጥቁርና ነጭ አብረው ሲማሩበት ቆይተው በ1904 የኬንታኪ መንግሥት በሕግ ከለከለ፤ ክልከላው የተነሳው በ1950 ነው። የጥቁሮችን ታሪክ ሳምንት በ1926 ያስጀመረው ካርተር ዉድሰን በ1903 የተመረቀው ከዚያ ነው። ዛሬም ኮሌጁ በዋናነት የሚቀበለው ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ልጆችን ነው። ማካሌስተር ደግሞ ከብዙ አገር ተማሪ ይቀበላል፤ የተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ከ1950 ጀምሮ በግቢው ይውለበለባል። ሀብታምም ድሃም እዚያ አለ። የትኛው ይሻላል? መልሱ እንደ ሰዉ ነው።

ከምርጫው በኋላ

ኮሌጅ ተቀበለኝ ማለት ደረስኩ ማለት አይደለም። አይ-20 የሚባለው ቅጽና ሲቲዲ የምንለው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያስፈልጋሉ። የቪዛና የሴቪስ ክፍያ አንድ ላይ ከ500 ዶላር በላይ ነው። ቆንስሉ «ስትጨርሺ ወዴት ትመለሻለሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለስደተኛ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። በጁን 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ አዋጅ ደግሞ ኤርትራን፣ ሶማሊያንና ሱዳንን ጨምሮ በ12 አገሮች ዜጎች ላይ የመግቢያ ክልከላ ጥሏል፤ ከዚያ ወዲህም ዝርዝሩ ሰፍቷል። ስለዚህ አሁን ያለውን ደንብ ሳታጣሩ ክፍያ አትክፈሉ። አንድ በር ብቻም አታንኳኩ፤ የዳፊ ስኮላርሺፕና በካናዳ የውሰክ ፕሮግራም ለስደተኛ ተማሪ ተብለው የተቋቋሙ ናቸው።

ልጅቷስ? እናቷን ጠርተን ወረቀቱን አነበብንላቸው። ሁለቱን ጎን ሰምተው ዝም አሉ። ቆይተው «ነርስነቱ የትኛው ጋ ነው?» አሉ። ነገርናቸው። «እንግዲያው አክስቷ በስልክ ትበቃታለች» አሉ። ከቤርያ ለሁለቱም ጥያቄዎቻችን መልስ ሲመጣ፣ ሜይ 1 ሳይደርስ ጻፈች። ቪዛው ገና ነው፤ እየጠበቅን ነው።

ኢኮኖሚክስ የምትወድ ሌላ ልጅ በዚያው ወረቀት ማካሌስተርን ብትመርጥ ልክ ናት። መምህራን ሆይ፣ ተማሪ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ እንደኛ የኮሌጅ ስም አትጥሩለት። መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ።