ያለ ቱቦ የሚፈስ ውሃ

የሰው አንጎል በውስጡ እርስ በርሳቸው የሚገናኙ አራት ጓዳዎች አሉት፤ በእነዚህም ጓዳዎች ውስጥ ኮሮይድ ፕሌክሰስ የሚባለው፣ ደም ሥር የበዛበት ስስ ሥጋ፣ በጎልማሳ ሰው ላይ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ያህል ጥርት ያለ ፈሳሽ ያፈልቃል፤ ፈሳሹም በጠባብ መተላለፊያ ከሦስተኛው ጓዳ ወደ አራተኛው ወርዶ፣ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ከውጭ ከብቦ፣ በመጨረሻ ወደ ደም ይመለሳል። ይህ መንገድ በተፈጥሮ ጉድለት፣ በዕጢ ወይም የማጅራት ገትር ትቶት በሄደው ጠባሳ በተዘጋ ጊዜ ግን ምንጩ መፍለቁን ስለማይተው ጓዳዎቹ ይወጠራሉ፣ አንጎሉም ወደ አጥንቱ ይጨፈለቃል፤ የጨቅላ ሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ እርግብግቢቱ ይነፋል፣ ራሱም ከአካሉ ልክ አልፎ ያድጋል። ሐኪሞች ሃይድሮሴፋለስ የሚሉት ደዌ ይህ ነው።

ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የዚህ ደዌ ዋነኛ ፈውስ ሸንት የተባለው፣ ከአንጎል ጓዳ ተነሥቶ በአንገትና በደረት ቆዳ ሥር ሆድ ዕቃ ድረስ የሚወርደው ባለ ቫልቭ ቱቦ ሆኖ ኖሯል። እልፍ ሕፃናትን ከሞት ያወጣ መሆኑን መካድ ነውር ነው፤ ነገር ግን ቱቦ ይደፈናል፣ ተሐዋስያንም ይሰፍሩበታል። ሆስፒታል በአቅራቢያው ያለ ሰው ፈጥኖ ያስለውጠዋል፤ ልጇን አዝላ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ቀናት የሚፈጅባት እናት ግን በምን ጊዜና በምን ገንዘብ ትደርስለታለች?

ይህን ጥያቄ እንደ ቀዶ ጥገና ጥያቄ አድርጎ የያዘው አሜሪካዊው የአንጎል ሐኪም ቤንጃሚን ዎርፍ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ወደ ኡጋንዳ ሄዶ፣ በኤልጎን ተራራ አቅራቢያ ባለችው በምባሌ ከተማ በተቋቋመው የሕፃናት ሆስፒታል ሲሠራ፣ ሁለት አሮጌ ሐሳቦችን አንድ አደረገ። ኢንዶስኮፕ የተባለውን፣ ብርሃን ያለውና እንደ ሐረግ የሚተጣጠፍ ቀጭን መሣሪያ በእርግብግቢቱ ጠርዝ በኩል አስገብቶ፣ እስከ ሦስተኛው ጓዳ ያደርሰዋል፤ ከዚያም ከበታቹ ዐቢይ የደም ቧንቧ የሚያልፍበትን የጓዳውን ስስ ወለል በጥንቃቄ በስቶ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ይከፍታል፤ መሣሪያውን ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ ፈሳሹን የሚያፈልቀውን ሥጋ በግራና በቀኝ ጓዳዎች እየተከተለ በኤሌክትሪክ ይተኩሰዋል። ሥራው ሲፈጸም በሕፃኑ ገላ ውስጥ የሚቀር ባዕድ ነገር የለም።

መተኮሱም ሆነ መብሳቱ አዲስ ግኝት አይደለም። ቪክቶር ሌስፒናስ የተባለ የቺካጎ የሽንት ቧንቧ ሐኪም በ1910፣ የፊኛ ውስጥ መመልከቻውን ወደ ሕፃን አንጎል አስገብቶ ምንጩን ተኩሶ ነበር፤ ዊልያም ሚክስተርም በ1923 በቦስተን ወለሉን በስቷል። የዚያ ዘመን መሣሪያ ብርሃኑ ደካማ ነበርና፣ በኋላም ሸንት ስለ መጣ፣ ሐሳባቸው ለብዙ ዘመን ችላ ተባለ። መብሳቱ ብቻውን ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት እምብዛም አይጠቅማቸውም ነበር፤ በ2005 ዎርፍ ባወጣው ጽሑፍ ግን በዚህ ዕድሜ ካሉት መካከል መብሳት ብቻ በተደረገላቸው 47 ከመቶ የነበረው ስኬት፣ መተኮስ ሲታከልበት 66 ከመቶ ደርሷል። ዋናው ጥበብ፣ በእኔ አስተያየት፣ በመሣሪያው ሳይሆን በዚህ ማዋሐድ ላይ ነው።

ውዳሴው ግን ልክ ሊኖረው ይገባል። በዚያው በምባሌ፣ ደዌው ከተሐዋስያን የመጣባቸው 100 ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው ሸንትና የዎርፍ ዘዴ ሲነጻጸሩ፣ በ2017 የታተመው ውጤት ከዓመት በኋላ በአእምሯቸው ዕድገት ረገድ ጉልህ ልዩነት አላሳየም። በአንጎሉ ሥር ያለው ስፍራ በጠባሳ የተሞላ ሕፃንም የተበሳለት ቀዳዳ ውሃውን ላያሳልፍለት ስለሚችል፣ ቱቦው ከሐኪሞች እጅ አልወጣም፤ ርካሹ የሕንድ ቱቦ ከውዱ አቻው የማያንስ መሆኑን በ2005 ያሳየውም ራሱ ዎርፍ ነው።