ለሥራ ወጥቶ የቀረ ሠራተኛ፦ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

በቀጨኔም ሆነ በሌላ ሰፈር ለሥራ የወጣ ወንድማችን ሳይመለስ ቀርቶ ማሽን ሳይገድለው አይቀርም ተብሎ ከተጠረጠረ፣ ቤተሰብ ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ያመልክት። ማሽኑ ሳይጸዳ እንዲመረመር፣ የባልደረቦቹም ቃል እንዲያዝ ይጠይቅ።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሥራ ላይ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ማሳወቅ አለበት። ሞቱ በሥራ ላይ ጉዳት መሆኑ ከተረጋገጠ ጥገኞቹ ካሳ ይገባቸዋል። ወሬው ለ2 ዓመት ከጠፋ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የመጥፋት ውሳኔ ከፍርድ ቤት መጠየቅን ይፈቅዳል።

በሸሪዓም ጥርጣሬ ብቻውን ሞትን አያጸናም። የሚስት የ4 ወር ከ10 ቀን ዒዳም ሆነ ውርሱ የሚታየው ሞቱ ሲረጋገጥ ወይም ቃዲ ሲወስን ነው። ስለዚህ እውነቱ እንዲወጣ መወትወታችን የጠፋው ሰውም፣ የቤተሰቡም ሐቅ ነው። አላህ ሶብሩን ይስጣቸው።