የፈረስ ጉልበትም እንደ ዕቃ ዋጋ ተቀንሶ ይመዘገባል

ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብ የጉምሩክ መጋዘን ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ነጋዴ ካለ፣ በአሜሪካ የድራግ ውድድር ሜዳ አንድ ቀን ቢውል ሐሳቡን ይለውጣል። እዚያ ተቀንሶ የሚመዘገበው የሸቀጥ ዋጋ ሳይሆን የሞተር ጉልበት ነው። የድብቆሹ ጠባይ ግን አንድ ነው።

ድራግ ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመው በቀጥታ መንገድ ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ያህል የሚሽቀዳደሙበት ስፖርት ነው። ከተወዳዳሪዎቹ አብዛኞቹ ወጪውን ከኪሳቸው የሚሸፍኑ አማተሮች ናቸው። ሀብታሙ በገዛው ሞተር ደሃውን ሁልጊዜ የሚቀድም ከሆነ ደግሞ መመዝገቢያ ከፍሎ የሚመጣ አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ1951 የተቋቋመው ናሽናል ሆት ሮድ አሶሲዬሽን መኪናዎችን በክፍል የሚደለድለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለመሆኑ ክፍሉ እንዴት ይወጣል?

ከፋብሪካ እንደወጡ ብዙም ሳይለወጡ በሚወዳደሩ መኪናዎች ዘንድ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ክብደት ለፈረስ ጉልበት ይካፈላል። ለምሳሌ 3,350 ፓውንድ፣ ማለትም 15 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መኪና 335 የፈረስ ጉልበት ካለው አንዱ ፈረስ 10 ፓውንድ ይጎትታል ማለት ነው። ሸክሙ ባነሰ ቁጥር መኪናው ወደ ፈጣኖቹ ክፍል ይወጣል።

ክብደቱን ሚዛን ስለሚያረጋግጠው ክርክር የለበትም። ጉዱ ያለው በፈረስ ጉልበቱ ላይ ነው። ቁጥሩን መጀመሪያ የሚናገረው ሻጩ፣ ማለትም ፋብሪካው ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1968 ፎርድ ኮብራ ጄት የተባለውን ሞተር 335 የፈረስ ጉልበት አለው ብሎ አቀረበ። የመስኩ አዋቂዎች ግን ትክክለኛው ከ400 እንደማያንስ ይገምታሉ። በ400 ቢሰላ ከላይ በምሳሌ ያነሳነው መኪና ለአንድ ፈረስ 8.4 ፓውንድ ያህል ብቻ ይደርሰዋል፤ ክፍሉም ሌላ ይሆናል። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ፖሞና በተካሄደው ውድድር አል ጆኒየክ በኮብራ ጄት ሙስታንግ የሱፐር ስቶክ ዘርፍ አሸናፊ ሆነ። እሑድ ያሸነፈ መኪና ሰኞ ይሸጣል በሚባልበት አገር ቁጥሩን ማሳነስ ለፋብሪካው ማስታወቂያ ነበር። ዝቅ ያለ ቁጥር ለገዢው የኢንሹራንስ አረቦንም ይጠቅማል።

የገማቹ መልስ

ማኅበሩ የፋብሪካውን ቃል እንዳለ መቀበሉን ትቶ ራሱ ጉልበት መመደብ ያዘ። አንድ ዓይነት ሞተር ያለው መኪና ከተቀመጠለት ሰዓት አብዝቶ ከፈጠነ የጉልበት ቁጥሩ ይጨመርበታል። የምሳሌያችን መኪና ቁጥር ከ335 ወደ 360 ከፍ ቢል፣ ባለቤቱ በነበረበት ክፍል ለመቆየት መኪናውን 3,600 ፓውንድ ማድረስ አለበት። ይህም 113 ኪሎ ተጨማሪ ሸክም ነው። ካልሆነም ወደ ፈጣኖቹ ክፍል ወጥቶ ይሸነፋል።

ጭማሪው ደግሞ በፈጠነው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ያንኑ ሞተር የያዘውን ሁሉ ይነካል። ስለዚህ አንዱ ባሳየው ፍጥነት ሌላው ገንዘቡን ያፈሰሰበት ሞተር ዋጋ ያጣል። ውጤቱም ሊገመት የሚችል ነው። ማሸነፋቸውን ያወቁ ሹፌሮች መጨረሻው ላይ ነዳጅ ይለቃሉ ወይም ፍሬን ይነካሉ፤ እውነተኛው ሰዓት እንዳይመዘገብባቸው ነው። ግምት በበረታ ቁጥር ድብቆሹም ይበረታል።

ራስህ ዋጋህን ጥራ

ሌላው መንገድ ብራኬት የሚባለው ነው። እዚህ ሞተሩን የሚገምት የለም። ተወዳዳሪው መኪናው ሩብ ማይሉን በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ ራሱ ያስታውቃል። አንዱ 12.50 ሌላው 11.00 ቢል፣ ዘገምተኛው 1.50 ሰከንድ ቀድሞ እንዲነሳ መብራት ይሰጠዋል። አሳንሶ የሚያስመዘግበውን የሚይዘው ቅጣቱ ነው፤ ካስታወቀው ሰዓት በላይ የፈጠነ ይሸነፋል። ሁለቱም ካለፉ በጥቂቱ ያለፈው ያሸንፋል።

በዚህ ስርዓት መዋሸት አያተርፍም። ቀርፋፋ ነኝ ብሎ የሚነሳው ሰው ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው መግታት አለበት፣ ያለዚያ ጥቅሙን በራሱ ያጣል። አሸናፊውም ብዙ ፈረስ ያለው ሳይሆን የተናገረውን ሰዓት ደጋግሞ የሚያመጣና መብራቱ ላይ ፈጥኖ የሚነሳ ነው። አሮጌ የቤት መኪና ውድ ሞተር የገጠመውን ሊረታ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ብራኬት በአማተሮች ዘንድ የተወደደውም ለዚሁ ነው።

እርግጥ ጉዳት አለው። ፈጣኑ ሞተር ሁልጊዜ ስለማያሸንፍ፣ ሞተር በማሻሻል ዕውቀቱ የሚኮራው ሰው ድካሙ ዋጋ አያገኝም። ለዚህም ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ወደዚህ ስፖርት ገንዘቡን ይዞ የሚገባ ሰው፣ መኪናውን ከመግዛቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ፈረስ ጉልበቱ ብዛት ሳይሆን ጉልበቱን የሚመዘግበው ማን እንደሆነና ነገ ሊጨምርበት ይችል እንደሆነ ነው።