ፊቱን ያዞረው የጋዝ ቧንቧ

ወንዝ ወደ ምንጩ ተመልሶ ሲፈስ አይተህ ታውቃለህን? በተፈጥሮ ይህ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው። ሰው ከብረት በሠራው ወንዝ ግን ሆኗል፤ ታሪኩም እነሆ።

በሜዲትራንያን ባሕር ዳር ካለችው ከግብጽ ከተማ ከኤል ዓሪሽ እስከ እስራኤል ከተማ እስከ አስቀሎና ድረስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የጋዝ ቧንቧ በባሕር ሥር ተዘርግቷል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሻጪቱ ግብጽ፥ ገዢዪቱ እስራኤል ነበረች። በዚያን ጊዜ ግብጽ ጋዝ የተረፋት አገር ስለ ነበረች፥ በኢድኩና በድምያጥ በተሠሩት ሁለት ፋብሪካዎች ጋዙ ወደ ፈሳሽነት እየተለወጠ በመርከብ ወደ ባሕር ማዶ ይሸጥ ነበር። ጋዝ ከዜሮ በታች እስከ 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሆናል፤ መጠኑም 600 ጊዜ ያህል ስለሚያንስ ለመርከብ ጭነት ይመቻል።

ዳሩ ግን ገበያ እንደ ክረምት ሰማይ ነው። በ2011 ዓ.ም. በግብጽ ሕዝባዊ ዐመፅ ከተነሣ በኋላ በሲና በረሓ የሚያልፈው መሥመር በተደጋጋሚ በፈንጂ ተመታ፤ በ2012 ዓ.ም. የሽያጩ ውል ፈረሰ። ከዚህም በላይ የአገሪቱ ፍጆታ እየጨመረ፥ የጕድጓዶቿ ምርት እየቀነሰ ሄደ። ትናንት ሻጭ የነበረችው ግብጽ በ2015 ዓ.ም. ፈሳሽ ጋዝ በመርከብ ታስመጣ ጀመር። በዚያው ዓመት ዞህር የተባለ ታላቅ የጋዝ ስፍራ በባሕሯ ስለ ተገኘ ለጥቂት ዓመታት እፎይ አለች፤ ችግሩ ግን ጨርሶ አልተወገደም።

እስራኤል ደግሞ ከባሕሯ ሥር በ2009 ዓ.ም. ታማርን፥ በ2010 ዓ.ም. ሌዋታንን አግኝታ ነበር። ይህ ሁሉ ጋዝ ለራሷ ከሚበቃው በላይ ስለሆነ ገዢ አስፈለገው። እንግዲህ በ2020 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚያው በአሮጌው ቧንቧ ጋዙ ከአስቀሎና ወደ ኤል ዓሪሽ ይፈስ ጀመር። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ ሻጭና ገዢ ግን ቦታ ተለዋወጡ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ2023 ዓ.ም. በጋዛ ጦርነት ሲነሣ መሥመሩ ለአንድ ወር ያህል ተዘጋ። በ2025 ዓ.ም. እስራኤልና ኢራን ሲዋጉ የሌዋታን ሥራ በመቆሙ በግብጽ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ። ጋዝንና ማዳበሪያን ምን አገናኛቸው ትል ይሆናል፤ ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ከጋዝ ይሠራል። ስለዚህ ጥይት ያልደረሰበት ፋብሪካ የጦርነቱን ዕዳ ከፈለ።

በአንድ ቧንቧ የተሳሰሩ ሁለት አገሮች በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ብቻውን አያርስም። ግብጽም በ2024 ዓ.ም. ፈሳሽ ጋዝ እንደገና በመርከብ ማስመጣት የጀመረችው፥ ዋጋው ቢከብድም፥ ሁለተኛ በር ስላስፈለጋት ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በኦጋዴን በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ መኖሩ ከታወቀ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ሆኗል፤ በ2019 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጅቡቲ ቧንቧ ለመዘርጋት ተስማምተዋል። አንባቢ ሆይ፥ ስለ ቧንቧ ሲወራ በሰማህ ጊዜ ርዝመቱን ብቻ አትጠይቅ፤ ገበያው ፊቱን ያዞረ ዕለት ሁለተኛው በር ወዴት እንደሆነም ጠይቅ።