ባለ ቲዩብ የባትሪ ሬዲዮ፦ እንዴት እንለየው? እንዴትስ እናድነው?

በመርካቶ ከአንዋር መስጊድ ሰፈር እስከ ምናለሽ ተራ ያለውን መንገድ በእግሩ ያቋረጠ ሰው፣ አሮጌ ዕቃን በዚያ ሥፍራ ሁለት ዕጣ እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ወይ ተጠግኖ ዳግም ይሸጣል፣ ወይ ተፈታትቶ መዳቡ ለብቻ፣ ቆርቆሮው ለብቻ ይመዘናል። ትራንዚስተር ከመስፋፋቱ በፊት በባትሪ ድንጋይ ይሠራ ለነበረው ባለ ቫኪዩም ቲዩብ ሬዲዮ ግን ሁለቱም ዕጣዎች ጥፋት ሊሆኑበት ይችላሉ። መፈታታቱስ ግልጽ ነው። የችኮላ ጥገናም የዚያኑ ያህል ያጠፋዋል።

በአገራችን የሬዲዮ ጣቢያ በይፋ የተመረቀው በመስከረም 1928 ዓ.ም. በአቃቂ ነበር። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት አገር ሁሉ ድምፅን ከአየር ላይ ለመቅለብ የነበረው አማራጭ ባትሪ ነው። ይሁንና የዚያ ዘመን ሬዲዮ እንደዛሬው በሁለት ድንጋይ ብቻ አይረካም። ቲዩቡ በውስጡ ያለችውን ፊላመንት የሚያግል አነስተኛ ቮልቴጅ፣ እንዲሁም ከፊላመንቷ የወጡትን ኤሌክትሮኖች ወደ አኖድ የሚስብ 67.5 ወይም 90 ቮልት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ባትሪው ሁለት ዓይነት ነበር።

እንዲህ ያለ ሣጥን ቢያጋጥመን በምን እናውቀዋለን? የመስመር ገመድ አለመኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ተቆርጦ ሊሆን ይችላልና። የኋላ ክዳኑን ከፍተን ከባዱን የኃይል ትራንስፎርመር እንፈልግ። (ከድምፅ ማጉያው አጠገብ የምትገኘው ትንሿ ትራንስፎርመር ሌላ ናት፤ አታሳስተን።) ከዚያ በቲዩቦቹ ላይ የተጻፈውን እናንብብ። በአውሮፓ አሰያየም የመጀመሪያው ፊደል የፊላመንቱን ፍላጎት ይናገራል፤ «ዲ» 1.4 ቮልት፣ «ኬ» 2 ቮልት፣ «ኢ» ደግሞ 6.3 ቮልት ነው። ባለ «ኬ»ው የሚሞላ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ የነበረው የ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሬዲዮ ነው። ዲኬ 91፣ ዲኤፍ 91፣ ዲኤኤፍ 91 እና ዲኤል 92 የሚሉ አራት ትንንሽ ቲዩቦች ከተገኙ፣ ሬዲዮው እ.ኤ.አ. ከ1940 ገደማ ወዲህ የመጣው ትውልድ ነው፤ አሜሪካኖች እነዚህኑ 1አር5፣ 1ቲ4፣ 1ኤስ5 እና 3ኤስ4 ይሏቸዋል። ቁጥሩ 96 ከሆነ ደግሞ የ1950ዎቹ ሥራ ነው፤ የፊላመንቱ ከረንት በግማሽ የተቀነሰውም ድንጋይ ለመቆጠብ ሲባል ነው።

የእነዚህ ቲዩቦች ፊላመንት ራሷ ካቶድ ናት። በመስመር ኤሌክትሪክ በሚሠሩት ቲዩቦች ዘንድ ፊላመንቱ ሌላ ወፍራም ካቶድን ያሞቃል፤ እዚህ ግን 50 ሚሊአምፒር ብቻ የሚያልፍባት፣ ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ ኤሌክትሮኑን በቀጥታ ትለቃለች። አራቱ ቲዩቦች በአንድነት 250 ሚሊአምፒር፣ ማለትም 0.35 ዋት ይበቃቸዋል። ቁጠባው ያስደንቃል፤ አደጋውም ከዚያው ነው። የ90 ቮልቱ ሽቦ ለቅጽበት እንኳ የፊላመንቱን መስመር ቢነካ አራቱም በአንድ ጊዜ ይቃጠላሉ።

ስለዚህ ኃይል ከመስጠታችን በፊት ሽቦዎቹን እየተከተልን ንድፋቸውን በወረቀት እናስፍር። ከክዳኑ ውስጥ የተለጠፈውን ወረቀትና በጨርቅ የተሸፈነውን የባትሪ ገመድ አንጣል፤ የትኛው ሽቦ ለየትኛው ባትሪ እንደሆነ የሚናገሩት ብዙ ጊዜ እነርሱ ብቻ ናቸውና። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ቲዩብ ፊላመንት በእግር 1 እና 7 መካከል በዲጂታል መልቲሜትር እንለካ። ባለ መርፌው ቆየት ያለ መለኪያ ለዚህች ሽቦ የሚከብድ ከረንት ሊልክ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚጠረጠረው በሰም የተነከረው የወረቀት ካፓሲተር ነው። በተለይ ከዲኤኤፍ 91 አኖድ ወደ ዲኤል 92 ግሪድ ድምፁን የሚያሻግረው፣ ዲሲን ማገድ ሲገባው በእርጅና ያሾልካል። የግሪዱ ሬዚስተር 1 ሜጋኦም ቢሆን፣ 5 ማይክሮአምፒር ብቻ ሲሾልክ ግሪዱ በ5 ቮልት ወደ ፖዘቲቭ ይገፋል። ኔጌቲቭ 7 ቮልት ገደማ ላይ ሊቆም የሚገባው ግሪድ ይህን ያህል ሲያፈነግጥ ድምፁ ይበላሻል፣ ድንጋዩ ቶሎ ያልቃል፣ ቲዩቡም ይደክማል። ስለዚህ ይህ ካፓሲተር ሳይፈተን ይለወጥ። አሮጌውን ግን ጠቅልለን ከሬዲዮው ጋር ብናኖረው እንመርጣለን፤ ነገ ለሚያጠናው ሰው ምስክር ነውና። ሣጥኑን ባዶ አድርጎ የትራንዚስተር ሰሌዳ መክተት ግን በእኛ አስተያየት ጥገና አይባልም።

የ90 ቮልቱ ባትሪ ከገበያ ቢጠፋም አሥር ባለ 9 ቮልት ባትሪዎችን በተከታታይ ብናያይዝ ያንኑ እናገኛለን፤ ለፊላመንቱም አንድ ትልቅ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ይበቃል። ዘጠና ቮልት ዲሲ ሰውንም የሚጎዳ ስለሆነ ባዶ ሽቦ በእጅ አይነካ። ቲዩቦቹን አውጥተን ሁለቱንም ባትሪዎች እናገናኝና በፊላመንት ሶኬቶቹ ላይ ያለውን ቮልቴጅ እንለካ። ከ1.5 ቮልት ብዙ የሚበልጥ ከታየ ስህተቱ ሳይገኝ ወደፊት አንሄድም። ልክ ከሆነ ባትሪዎቹን ነቅለን፣ በካፓሲተሮቹ የቀረውን ቻርጅ በሬዚስተር አፍስሰን፣ ቲዩቦቹን እንመልሳለን።

ማብሪያው ሲከፈት ብርሃን ባናይ አንደንግጥ፤ ፊላመንቷ በጨለማ ክፍል ውስጥ ካልሆነ በቀር ቅላቷ አይለይም። የመስመር ሬዲዮ እስኪሞቅ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል። ይህቺ ግን የምታሞቀው ካቶድ ስለሌላት ወዲያውኑ እሽታዋን ታሰማለች።