መንስኤው ያልታወቀ ስትሮክ ሲያጋጥም ልብን መመርመር እንደሚገባ

የደም ግፊትም ሆነ የስኳር በሽታ የሌለበት ወጣት በድንገት ግማሽ አካሉ ሲዝልና አንደበቱ ሲተሳሰር የሕመሙ ምንጭ ልብ ሊሆን ይችላል። በምዕራብ ጎጃም ዞን ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከአካባቢው የገጠር ቀበሌዎች ወደ ሕክምና ለሚመጡ እንዲህ ላሉ ሕሙማን የልብ ምርመራ ዳግም ስትሮክን ለመከላከል ወሳኝ ነው።

አብዛኛው ስትሮክ የሚከሰተው የረጋ ደም የአንጎልን የደም ሥር ሲዘጋ ነው። የደም መፍሰስ አለመኖሩ በሲቲ ስካን ከተረጋገጠ በኋላ የልብ ምት በኤሌክትሮካርዲዮግራም፣ የልብ አሠራር ደግሞ በልብ አልትራሳውንድ ይታያል።

በምርመራው ከሚገኙት ችግሮች አንዱ ሩማቲክ የልብ በሽታ ሲሆን፣ በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣ ነው። በግራ በኩል ያለው የልብ በር ሲጠብ ደም በላይኛው የልብ ክፍል ተጠራቅሞ ይረጋል፤ የልብ ምት ሲዛባም አደጋው ይባባሳል።

ሌላው ከልደት በኋላ ሳይዘጋ የቀረ የልብ ቀዳዳ ነው። ሐኪሙ ጥቃቅን የአየር አረፋ ያለው ፈሳሽ በክንድ የደም ሥር ሰጥቶ አረፋው ከቀኝ ወደ ግራ የልብ ክፍል መሻገሩን በአልትራሳውንድ ይመለከታል። ይሁንና ቀዳዳው ከአራት ሰዎች በአንዱ ላይ ስለሚገኝ፣ መገኘቱ ብቻ የስትሮኩ መንስኤ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

የምርመራው ውጤት ሕክምናውን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡ ጥናቶች ተለይተው በተመረጡ፣ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በታች በሆኑ ሕሙማን ላይ ቀዳዳውን መዝጋት ዳግም ስትሮክን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና ከ4 ሺህ 500 በላይ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት፣ ሩማቲክ የልብ በሽታና የልብ ምት መዛባት ላለባቸው ሰዎች ዋርፋሪንን የመሰለው ነባር መድኃኒት ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን የተሻለ መሆኑን አረጋግጧል።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሕመምተኛ በየጊዜው የደም ምርመራ ማድረግ ይኖርበታል። በዘር ወይም በአጨዳ ወቅት ክትትሉን ያቋረጠ አርሶ አደር ለዳግም ስትሮክ፣ መጠኑን ያሳለፈም ለደም መፍሰስ ይጋለጣል።

የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀበሉት የአዲስ አበባ መግለጫ፣ የበሽታው ምርመራ እስከ ወረዳ ደረጃ እንዲወርድና የፔኒሲሊን አቅርቦት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ ኃላፊዎች ለልብ አልትራሳውንድ፣ ለባለሙያ ሥልጠናና ለተከታታይ የደም ምርመራ በዕቅዳቸው ትኩረት ሊሰጡ ይገባል።